ሻምበል አበበ ቢቂላ እና የሮጠባቸው መንገዶች

በዚህ ሴሚስተር በስፖርት ዘገባ ትምህርት ላይ መምህራችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። ርዕሱ የመወዳደሪያ ቦታ አሠራርና አዘገጃጀት በአማተር ተወዳዳሪዎች ውጤት ላይ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ሲሆን፣ እንደ ምሳሌ ያነሱልን ጎልፍን ነው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄያለሁ። የይፋግ ልጅ ነኝ፤ የጎልፍ ሜዳ ከቴሌቪዥን ውጪ አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ያን የሚያህል አረንጓዴ መስክ ከተገኘ ከብት ይሰማራበታል እንጂ ማን ዱላ ይዞ ኳስ ያሳድድበታል?

ገብቼ ሳነብ ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። በጎልፍ ተጫዋቹ አሥራ ስምንት ቀዳዳዎችን በተራ ይዞራል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ቀዳዳው ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ አዘጋጆቹ ከውድድሩ በፊት የሚወስኑት ብዙ ነገር አለ። ቀዳዳው ደልዳላው ላይ ይቆፈር ወይስ ተዳፋቱ ጫፍ ላይ? የዳር ሳሩ ይታጨድ ወይስ ቁርጭምጭሚት እስኪያለብስ ይተው? መነሻው ወደፊት ይምጣ ወይስ ወደኋላ ይሂድ? እነዚህ ሲቀያየሩ ያው አንዱ ሜዳ ቅዳሜ ቀላል፣ እሁድ ከባድ ይሆናል። በጨዋታው የሚተዳደረው ባለሙያ ሥራው ነውና ቀድሞ ሄዶ ሜዳውን ያጠናል። አማተሩ ግን ከሥራው ሰዓት ሰርቆ የሚጫወት ስለሆነ የሜዳውን ጠባይ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከገባበት በኋላ ነው። ቦቢ ጆንስ የሚባል አሜሪካዊ ጠበቃ ነበር። አማተር እንደሆነ በ1930 በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካንና የብሪታንያን አራት ትልልቅ ውድድሮች አሸነፈና በ28 ዓመቱ ውድድር አቆመ። ከዚያ ምን ሠራ ብትሉ፣ ከአንድ ንድፍ አዋቂ ጋር ሆኖ ኦገስታ የተባለውን ዝነኛ ሜዳ ነው የሠራው። ሜዳ ጨዋታን ምን ያህል እንደሚወስን የገባው ሰው ነበር ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ይህን ሳነብ ሐሳቤ የሄደው ግን ወደ ጎልፍ ሳይሆን ወደ ራሴ ጥፋት ነው። እስቲ ላጫውታችሁ። ይፋግን ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ወረታን አልፋችሁ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ድሮ በነጋዴዎች ዘንድ ትልቅ ስም የነበራት ገበያ ናት። በምዕራብ በኩል የፎገራ ሜዳ ወደ ጣና ተዘርግቷል፤ በምሥራቅ በኩል ደግሞ አገሩ ወደ ላይ ይነሳል። ባለፈው የእረፍት ጊዜ ቤተሰብ ጋ በሄድኩበት ወቅት የአካባቢው ወጣቶች የሩጫ ውድድር ነበራቸው። ያሸንፋል ብለን የጠበቅነው የአክስቴን ልጅ ነው። ልጁ በዳቦ ቤት ተቀጥሮ ሌሊት እየሠራ፣ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን ይዞ ይሮጣል። በውድድሩ ቀን ግማሹን መንገድ መርቶ ነበር። ኋላ ላይ ግን አንድ በአንድ አለፉትና አራተኛ ወጣ።

እኔ ደሞ የጋዜጠኝነት ተማሪ አይደለሁ! መድረሻው መስመር ላይ ቆሜ ያየሁትን ጻፍኩና ስመለስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ልጁ ልበ ሙሉነት አንሶት መጨረሻ ላይ እንደሰነፈ አድርጌ ነው የጻፍኩት። አንዱ ጓደኛችን በስልኩ አንስቶ ላከለት። ለሁለት ወር አላነጋገረኝም። አክስቴ ግን ቤቷ ስሄድ ቡና እያፈላች አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። የተሮጠበትን መንገድ በእግሬ ሄጄ አይቼው እንደሆነ። አላየሁትም ነበር። ለካ ውድድሩ ሙሉ በሙሉ በአስፋልት ነው ተብሎ ልጆቹ ሲዘጋጁ ከርመው፣ በዚያ ቀን ጠዋት መነሻው ላይ እንደቆሙ ግማሹ ወደ ዳገቱ በሚወጣው ድንጋያማ የእግር መንገድ ተቀይሯል ተብለዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ በሰው ልጅ ላይ ፈርጄ ጻፍኩ።

እናም የቤት ሥራዬን በጎልፍ ላይ ሳይሆን ስሙን ስንሰማ ሁላችንም ደስ በሚለን ሰው ላይ ለመሥራት ወሰንኩ። በሻምበል አበበ ቢቂላ ላይ። ስለ አበበ ሲነገር ሁሌም የሚነሳው ባዶ እግሩ ነው። እኔ ግን እግሩ ያረፈበትን መሬት ለማየት ሞከርኩ። ከመነሻው ልጀምር።

አበበ ቢቂላ የተወለደው ኦገስት 7 ቀን 1932 በሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቅ ጃቶ በተባለ መንደር ነው። የሚገርመው፣ በዚያው ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሎምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። እንደ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ከብት እየጠበቀ አደገ፤ ገናም ይጫወት ነበር። ገናን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ አንዲት ሩር፣ ሁለት ወገን። መስክ ከተባለ መስክ ነው፤ መስመር የሚያሰምርለት፣ ጉብታውን የሚደለድልለት የለም። ሩሯ ቦይ ውስጥ ብትገባ ቦዩ ድረስ ተከትለሃት ትገባለህ። ዱላውና ኳሱ ከጎልፍ ጋር ቢያመሳስለውም እዚህ ላይ ይለያያሉ። በገና መሬቱን ማንም አያዘጋጀውም፤ የመሬቱን ጠባይ የሚያውቅ ልጅ ግን ከማያውቀው ሁሌም ይበልጣል። አበበ የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው ከዚህ ይመስለኛል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ በወታደርነት ተቀጠረ። እዚያ ነው ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘው። ኒስካነን ወታደሮቹን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ዳገቶች ላይ ያስሮጣቸው፣ ሰዓታቸውንም እየያዘ ይከታተላቸው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። እዚያ የለመደ ሳንባ ዝቅ ወዳለ አገር ሲወርድ ይቀለዋል። እንግዲህ የአበበ የመጀመሪያው የውድድር መንገድ ራሷ አዲስ አበባ ነበረች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያን ዘመን ኦሎምፒክ የአማተሮች ውድድር ነበር። በስፖርቱ ገንዘብ ያገኘ ሰው አይሳተፍም። ይህ ሕግ የላላው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። አበበም የወር ደሞዙን እየበላ፣ ግዴታውን እየተወጣ የሚሮጥ ወታደር ነበር። ዛሬ እንደምናያቸው ሯጮች በዓመት ሁለትና ሦስት ከተማ እየዞረ ልምድ የሚቀስምበት ዕድል አልነበረውም። ከሮም በፊት የሮጣቸው ሁለት ማራቶኖች ሁለቱም በ1960 እዚያው አዲስ አበባ የተደረጉ ናቸው። በሁለተኛው 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገባ። ኤሚል ዛቶፔክ በ1952 በሄልሲንኪ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ይህ ይፈጥናል፤ ያውም በከፍታ ቦታ ላይ። ከአገር ውጪ ግን ማን ያውቀዋል? ማንም።

አሁን ወደ ሮም እንምጣ። የማራቶን መንገድ የሚያወጡ ሰዎች ውድድሩን ምን ያህል እንደሚቀርጹት ለማወቅ ርቀቱን ማየት ብቻ ይበቃል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሚለው ቁጥር የመጣው በ1908 የለንደን ኦሎምፒክ መንገዱ ከዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተነስቶ ንጉሣውያኑ በተቀመጡበት ትይዩ እንዲያልቅ ስለተደረገ ነው። በ1921 ያ ርቀት ቋሚ መለኪያ ሆነ። አያችሁ፣ የዓለም ሯጭ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚደክመው አንድ ቤተሰብ በደንብ እንዲያይ ተብሎ በተወሰነ ርቀት ነው።

የሮም አዘጋጆችም የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ማራቶኑ በስታዲየም መጀመርና ማለቅ ነበረበት፤ እነሱ ግን የጥንቷን ከተማ ለማሳየት ፈልገው መነሻውን በካፒቶሊን ኮረብታ፣ መድረሻውን በቆስጠንጢኖስ ቅስት በር ሥር አደረጉት። ከስታዲየም ሳይነሳ በስታዲየምም ሳያልቅ የተደረገ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን ነው። ሙቀቱን ለመሸሽም ሰዓቱን ወደ አመሻሽ ገፉት። በዚህ ምክንያት የመንገዱ የመጨረሻ ክፍል በጨለማ የሚሮጥ ሆነ። ያ ክፍል ደግሞ ጥንታዊው የአፒያ መንገድ ነው፤ በድንጋይ የተነጠፈ። ዛሬ በየከተማችን የምናየውን ኮብልስቶን አስቡት፤ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው፣ የተቦረቦረና የተዛነፈ። የከተማ መብራት ስለሌለው ወታደሮች ችቦ ይዘው ዳርና ዳር ቆሙ።

ኒስካነንና አበበ ከውድድሩ በፊት መንገዱን አይተውታል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሲያዩትም ለመድረሻው ብዙ በማይርቅ ቦታ ላይ አንድ የሚያውቁት ነገር ቆሞ አገኙ። የአክሱም ሐውልት። ጣሊያኖች በ1937 ከአክሱም ነቅለው ወስደው ሮም ውስጥ ያቆሙት ነው። (ሐውልቱ በ2005 ተመልሶ በ2008 በቦታው መተከሉን ታውቃላችሁ።) ከሐውልቱ ወዲያ እስከ መድረሻው የቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ አበበ ጉልበቱን አጠራቅሞ እዚያ ሲደርስ እንዲያፈተልክ ተስማሙ። ስለ ጫማውም ያን ሰሞን ቆረጡ። አዲሱ ጫማ እግሩን አልተስማማውም፤ በባዶ እግሩ ደግሞ ሲለማመድ ኖሯል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ተአምር ያወራዋል። እኔ ግን የማይመች ጫማ አድርጎ በዚያ ድንጋይ ላይ መሮጥ ይበልጥ ያስፈራ ነበር እላለሁ።

ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 አመሻሽ ላይ 69 ሯጮች ተነሱ። አበበ እንዲጠነቀቀው የተነገረው ሞሮኳዊ ራዲ ቤን አብደሰላም 26 ቁጥር ይለብሳል ተብሎ ነበር። ራዲ ግን 185 ቁጥር ለብሶ መጣ። አበበ ከጎኑ የሚሮጠው እሱ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ከፊት ሲፈልግ እንደነበር ይነገራል። ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። በችቦ ብርሃን፣ በአፒያ ድንጋይ ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ። ሐውልቱ ጋ ሲደርሱ አበበ አፈተለከ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። ራዲ 25 ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ገባ። ከዚያ በፊት ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ ይዞት የነበረውን የዓለም ምርጥ ሰዓት በአንድ ሰከንድ እንኳ ያልሞላ ልዩነት አሻሻለው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ወጣ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ በዚህ ሁኔታ መጣ።

ልዩነቱ ስንት ነው? ሃያ አምስት ሰከንድ። ከሁለት ሰዓት ከሩብ ውስጥ ሃያ አምስት ሰከንድ። ሁለቱም ጠንካራ ነበሩ፣ ሁለቱም ያው መንገድ ላይ ነበሩ። አበበ ግን የት ላይ ፈጥኖ መውጣት እንዳለበት ቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከሮም በኋላ በ1961 በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ ሮጦ ሦስቱንም አሸነፈ። ሰው ሁሉ አይሸነፍም ማለት ጀመረ። በ1963 ወደ አሜሪካ ሄዶ ቦስተን ላይ ሮጠ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ታሪክ አለ። አበበ ቦስተን ላይ ተሸንፏል። አምስተኛ ነው የወጣው።

እንዴት ሆነ? የቦስተንን መንገድ ካላያችሁ አይገባችሁም። ከሆፕኪንተን መንደር ተነስቶ ወደ ከተማው የሚወርድ ነው። መነሻው ከመድረሻው 140 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለማያውቀው ሰው ቁልቁለት ስጦታ ይመስላል፤ ሯጩም ፍጥነቱን ይለቅቃል። ነገር ግን የቁልቁለት ሩጫ ጭን ይሰብራል። ጭኑ በደከመበት ሰዓት፣ ከ26ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ የኒውተን ዳገቶች ተከታትለው ይመጣሉ። የመጨረሻውን አሜሪካኖቹ ልብ ሰባሪ ብለው ሰይመውታል። አበበና ጓደኛው ማሞ ወልዴ እስከ 29ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ በቦታው ክብረ ወሰን ፍጥነት ሲመሩ ነበር። ከዚያ ቀዝቃዛው ነፋስና ዳገቶቹ ተጋገዙባቸው። ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አሸነፈ፤ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ወጣ። አዲስ አበባ ዳገት ላይ ያደጉ ሰዎች በዳገት ተሸነፉ ሲባል ግር ይላል። ጉዳዩ ዳገቱ ብቻ ሳይሆን ዳገቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ እናወራ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ቶኪዮ መጣች። ውድድሩ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሮጣል ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው። የቶኪዮ መንገድ ከሮምም ከቦስተንም የተለየ ነበር። ከስታዲየም ወጥቶ በአንድ ሰፊ አውራ ጎዳና ይሄዳል፤ መሃል ላይ ዞሮ በዚያው ይመለሳል። ሜዳ ነው፣ አስፋልት ነው፣ የተደበቀ ነገር የለውም። እንዲህ ያለ መንገድ ለተንኮል አይመችም፤ የሚጠይቀው እኩል ፍጥነትን ጠብቆ መዝለቅን ብቻ ነው። ሌላም ጠባይ አለው። መሪው ዞሮ ሲመለስ ተከታዮቹን ፊት ለፊት ያገኛቸዋል፤ ምን ያህል እንደራቁና ፊታቸው ምን እንደሚመስል ያያል። ኦክቶበር 21 ቀን 1964 አበበ በዚህ መንገድ ላይ፣ በዚህ ጊዜ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ ከአጋማሹ በኋላ ብቻውን ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ገባ። አበበ እስኪመጡ ድረስ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

እንግዲህ ሦስቱን አስተያዩልኝ። በሮም ጨለማና ድንጋይ፣ መንገዱን ያጠና አሸነፈ፤ ልዩነቱ ሰከንዶች። በቦስተን ቁልቁለትና ዘግይቶ የሚመጣ ዳገት፤ አምስተኛ። በቶኪዮ ሜዳ፤ ልዩነቱ አራት ደቂቃ። ሯጩ አንድ ነው፤ ሰዓቶቹን ብቻ ደርድሮ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ያደርገዋል። የዓለም አትሌቲክስ አካል ራሱ መንገዶች ስለሚለያዩ እስከ 2004 ድረስ በማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን የሚል ስያሜ አይሰጥም ነበር፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነበር የሚባለው። ዛሬም ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ መንገዱ መለካት አለበት፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ በየኪሎ ሜትሩ ከአንድ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም፤ መነሻና መድረሻው ቀጥታ ሲለካ ከርቀቱ ግማሽ በላይ መራራቅ የለበትም። ቦስተን በሁለቱም ይወድቃል።

በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ሌላ ፈተና አመጣች። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከዝቅተኛ አገር የመጡ ሯጮች አየር አጠራቸው፤ ለእኛ ልጆች ግን የቤታቸው አየር ነበር። መንገዱ ለአበበ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ግን እግሩን ታሞ ነበር። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ አቋርጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ አሸንፎ ወርቁን እዚያው ቤት አቆየው። ሰዓቱ አበበ በቶኪዮ ከሮጠው በስምንት ደቂቃ ይዘገያል፤ ግን ማሞ ደካማ ነበር የሚል ማንም የለም፤ ከፍታው ነው። በአንጻሩ መንገዱ ቢመችም ሰውነት ካልተስማማ አይሆንም፤ ይህንንም መካድ የለብኝም። መንገድ ሁሉንም ነገር ይወስናል እያልኩ አይደለም።

በማርች 1969 አበበ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ዕድሜው 36 ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ለወራት ታከመ፤ መራመድ ግን አልቻለም። እኔ ከሕይወቱ ሁሉ ይበልጥ የምደነቅበት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተምሮ በ1970 እዚያው ስቶክ ማንደቪል በተዘጋጀው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሳተፈ። በ1971 ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሄደ፤ በእንግድነት ግን አልተቀመጠም። ውሾች በሚስቡት የበረዶ መንሸራተቻ በ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ገብቶ አሥራ ስድስት ከሚሆኑ ተወዳዳሪዎች አንደኛ ወጣ። የሸዋ ልጅ፣ በረዶ ላይ! በሮም መንገዱን ቀድሞ አይቶት ነበር። በዚህኛው ግን መሬቱም፣ ሰውነቱም፣ የሚወዳደርበት መንገድም አዲስ ነበር፤ ሁሉንም እንደገና ተማረው።

ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት በ41 ዓመቱ አረፈ። አዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ፤ ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሸኘው። በስሙ ስታዲየም ተሰይሟል። ስሙን የማያውቅ ልጅ በአገራችን ያለ አይመስለኝም።

የቤት ሥራዬን ስጨርስ የደረስኩበት መደምደሚያ ይህ ነው። በጎልፍ ቀዳዳውን የሚቆፍር፣ በማራቶን መንገዱን የሚያሰምር ሰው ሳይወዳደር ውጤቱ ውስጥ እጁ አለበት። ከባድ መንገድ ማውጣት ጥፋት አይደለም፤ የአፒያ ድንጋይም የኒውተን ዳገትም ለሁሉም እኩል ከባድ ናቸው። ጥፋቱ መንገዱን ለአንዱ አሳይቶ ለሌላው መደበቅ፣ ወይም ሰው ለአንዱ ሲዘጋጅ ከርሞ በሌላ ላይ ማስሮጥ ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ የሚጎዳው አማተሩን ነው። አበበ ወታደር ሆኖ ኒስካነን ነበረው፤ መንገዱን ያሳየው፣ ሐውልቱን አብሮት የመረጠ። ሌሊት ዳቦ ሲጋግር አድሮ የሚሮጥ የይፋግ ልጅ ማን አለው?

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርት አለው። መድረሻው ላይ ቆሞ ማን ቀደመ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ግን ቢያንስ ሦስት ነገር እንጠይቅ። መንገዱ ምን ይመስላል? መቼ ወጣ? ተወዳዳሪዎቹ መቼ አወቁት?

እኔ ዘግይቼም ቢሆን ጠይቄያለሁ። በቅርቡ ወደ ይፋግ በሄድኩ ጊዜ የአክስቴን ልጅ ለምኜ መንገዱን አብረን ሄድነው። አስፋልቱን ጨርሰን ዳገቱን ስንጀምር ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ይንሸራተት ጀመር፤ ሳልሮጥ ነው የደከምኩት። ልጁ በውድድሩ ቀን ያደረገው ጫማ ለአስፋልት ብሎ ከሰው የተዋሰው ሲሆን ሶሉ ልሙጥ ነበር። ሁለት ጊዜ መውደቁን ያኔ ነው የሰማሁት፤ የጉልበቱን ጠባሳም አሳየኝ። እነዚያ ያለፉት ሦስቱ ልጆች ከዳገቱ በላይ ካለው መንደር የሚመጡ፣ በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚወጡና የሚወርዱ ናቸው። እነሱም ጎበዞች ናቸው፤ ድላቸውን አልነሳቸውም። ያልሰነፈውን ልጅ ሰነፈ ብዬ መጻፌ ግን ስህተት ነበር። ማረሚያውን ጽፌ በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ በዚያው ቦታ ለጥፌዋለሁ፤ ሄዳችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። ለእሱም አንድ ቅጂ ይዤለት ሄጄ ነበር። አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተውና ስለ ሌላ ነገር አወራን።